ከጣና ደንገል እስከ ኩርጋን፦ የቀጠነ እግርን ቅርጽ ያስያዙት ሐኪም ሕይወት

ባሕር ዳር፦ በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ ማለዳ የሚዘዋወር ሰው ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች ውኃውን እየቀዘፉ ወደ ወደቡ ሲጠጉ ይመለከታል። ታንኳውን አስረው የሚሠሩት በአብዛኛው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ሲሆኑ፣ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። በዚያው ዳርቻና ወደ መሐል ከተማ በሚወስዱት ዘንባባ የተተከለባቸው ጎዳናዎች ደግሞ አንድ እግራቸው ከጉልበት በታች ቀጥኖ በምርኩዝ ወይም በእጅ በሚዘወር ባለሦስት ጎማ ብስክሌት የሚንቀሳቀሱ ጎልማሶች አልፎ አልፎ ያጋጥማሉ።

ደንገሉና የቀጠነው እግር በአንድ ታሪክ ውስጥ ይገናኛሉ ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። የሚያገናኛቸው በሳይቤሪያ ደጃፍ በምትገኝ አነስተኛ ከተማ የኖሩትና በ1992 በሞት የተለዩት የአጥንት ሐኪም ፕሮፌሰር ጋቭሪል አብራሞቪች ኢሊዛሮቭ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገነዘብ።

በአገራችን በዕድሜ ከገፉት ሰዎች መካከል ለአንድ እግር መቅጠን ዋነኛ ምክንያት ሆኖ የቆየው የልጅነት ልምሻ ወይም ፖሊዮ ነው። ቫይረሱ በአከርካሪ ውስጥ የሚገኙትንና ጡንቻን የሚያዙትን የነርቭ ሕዋሳት ስለሚገድል፣ ትእዛዝ የተቋረጠበት ጡንቻ ይሟሽሻል፤ በእድገት ላይ ያለው አጥንትም ከጤነኛው እግር አጥሮና ቀጥኖ ይቀራል። በኢትዮጵያ መደበኛው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1980 ሲሆን፣ የአፍሪካ ቀጠና ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኑ የተረጋገጠው በ2020 ነው። ክትባቱ ባልተዳረሰባቸው አካባቢዎች ከክትባት የሚመነጨው የቫይረሱ ዝርያ አሁንም ክትትል ይሻል። ክትባት ሳያገኙ ያደጉት ግን ጉዳቱን ይዘው ኖረዋል።

ባት ሱሪና ረጅም ቀሚስ የሚሸፍነው የአካል ክፍል በመሆኑ፣ ለዓመታት በአንድ ቢሮ አብሮ የሠራ ባልደረባ እንኳ ጉዳዩን ላያውቅ ይችላል። በተለምዶ ሕክምናው የሚያተኩረው ሰውየው መራመድ በመቻሉ ላይ ነው፤ የእግሩ ቅርጽ እንደ ቅንጦት ይታያል። ይህ አመለካከት የኛ ብቻ አይደለም። የኢሊዛሮቭን ሕይወት ለባሕር ዳርም ሆነ ለሌላ ከተማ አንባቢ ተፈላጊ የሚያደርገው ሐኪሙ ሁለቱን ለይተው አለማየታቸው ነው።

ኢሊዛሮቭ የተወለዱት ሰኔ 15 ቀን 1921 በዚያን ጊዜ በፖላንድ ግዛት ሥር በነበረችው ቢያሎቬዣ ነው። ወላጆቻቸው ድሆች አይሁዳውያን ነበሩ። አባታቸው ከካውካሰስ ተራሮች የመጡ በመሆናቸው፣ ልጁ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤተሰቡ ወደ አባት አገር፣ በአዘርባጃን ወደምትገኘው ኩሳር ተዛወረ። ስድስት ልጆች ላሉበት ቤት የበኩር ልጅ የነበሩት ኢሊዛሮቭ ትምህርት የጀመሩት ዘግይተው ነው፤ ሆኖም የቀረባቸውን በፍጥነት አካክሰው በዳግስታን በምትገኘው ቡይናክስክ ለሠራተኞች የተዘጋጀውን የመሰናዶ ትምህርት ተከታተሉ። በ1939 በሲምፈሮፖል ወደሚገኘው የክሪሚያ የሕክምና ኢንስቲትዩት ገቡ።

ጦርነቱ ክሪሚያ ሲደርስ ኢንስቲትዩቱ ወደ ካዛኽስታን ከተማ ኪዚሎርዳ ተሸሸ። ኢሊዛሮቭ እዚያው በ1944 ተመርቀው ወጡ፤ የምደባ ደብዳቤያቸውም ከሞስኮ ወደ 2 ሺህ ኪሎ ሜትር በሚርቀው የኩርጋን ክፍለ ሀገር ወደሚገኝ ዶልጎቭካ የሚባል የገጠር መንደር ላካቸው። ዕድሜያቸው 23 ነበር። ልዩ ሙያ አልነበራቸውም፤ የሚያማክሩት ሌላ ሐኪምም አልነበረም። ወሊድም፣ የሆድ ቀዶ ሕክምናም፣ የተሰበረ አጥንትም በእርሳቸው እጅ ያልፍ ነበር።

በወቅቱ ከጦር ሜዳ የተመለሱት ቁስለኞች ብዙ ነበሩ። የተሰበረ የቅልጥም አጥንት ያለው ሰው ከዳሌ እስከ ጣት በጀሶ ታስሮ ለወራት ይተኛል። ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ አለመግጠሙ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት መድረቃቸው፣ ባት ደግሞ መሟሸሹ የተለመደ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ያስጨነቃቸው ይኸው ነው፤ ሕክምናው ራሱ እግሩን እያከሰለው ነበር።  ኢሊዛሮቭ የፈለጉት የዚህን ተቃራኒ ነበር፤ የተሰበረው ስፍራ ብቻ ጸንቶ ሕመምተኛው ግን ቆሞ እንዲሄድ።

በ1950 ወደ ኩርጋን ከተማ ሆስፒታል ተዛውረው በቀዶ ሐኪምነት መሥራት ጀመሩ፤ ርቀው የሚገኙ ሕመምተኞችን ለመድረስ በአነስተኛ አውሮፕላን ይበሩም ነበር። በ1951 ገደማ ስማቸውን ያስጠራውን መሣሪያ ሠሩ። መሣሪያው በመልኩ ቀላል ነው። ከስብራቱ በላይና በታች ሁለት ሁለት የብረት ቀለበቶች እግሩን ይከብቡታል። ቀለበቶቹን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዙት የብስክሌት ጎማን ወጥረው እንደሚይዙት ያሉ ቀጫጭን ሽቦዎች ናቸው፤ በቆዳና በአጥንት አልፈው በሁለቱም ወገን ይወጠራሉ። ቀለበቶቹ እርስ በርስ የሚገናኙት ብሎንና ዳዶ ባላቸው ዘንጎች ነው። ሐሳቡ የመነጨው ከፈረስ ጋሪ ዕቃ እንደሆነ፣ የመጀመሪያው ሙከራም በተሰበረ የመጥረጊያ እንጨት ላይ እንደተደረገ በስፋት ይተረካል።

የፈጠራ መብት ማመልከቻው በ1952 ቀረበ፤ የምስክር ወረቀቱ የተሰጠው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ጥበቃ ግን በዓመታት የሚቆጠር አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ከአሥር ዓመት በላይ ወሰደ። ማዕከላዊ ተቋማት ከክፍለ ሀገር የመጣውን ዘዴ በጥርጣሬ ተመለከቱት፤ የቁልፍ ሠሪ ሥራ እንጂ የሐኪም ሥራ አይደለም ሲሉ ያቃለሉት ባለሙያዎችም እንደነበሩ ይነገራል። በፋይል ላይ አስተያየት እየተጻፈ ወደ ሌላ ኮሚቴ ሲመራ፣ ኩርጋን ውስጥ በጀሶ ሲታከም ቢሆን ወራት ይፈጅ የነበረ ስብራት በሳምንታት እየገጠመ ነበር። የዘገየው ውሳኔ ዋጋ የተከፈለው በቢሮው ሳይሆን በሌላ ሆስፒታል እግራቸው በተቆረጠ ሰዎች መሆኑን የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ያምናል።

ሁለተኛው ግኝት የተገኘው በስሕተት እንደሆነ ይተረካል። ኢሊዛሮቭ በሌሉበት ጊዜ አንድ ሕመምተኛ ዳዶውን ሁለቱን የአጥንት ጫፎች ወደሚያቀራርብ አቅጣጫ ማዞር ሲገባው ወደሚያራርቅ አዞረው። ክፍተቱ ባዶ ሆኖ ይቆያል ተብሎ ሲጠበቅ በራጅ የታየው አዲስ አጥንት ነበር። ሐኪሙ ነገሩን እንደ አጋጣሚ አልተዉትም። በውሾች ላይ ለዓመታት ባካሄዱት ምርምር አጥንቱ በጥንቃቄ ተቆርጦ ጥቂት ቀናት ካረፈ በኋላ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር፣ ያውም በአራት ተከፍሎ ሩብ ሩብ ሚሊ ሜትር ቢሳብ በክፍተቱ አዲስ አጥንት እንደሚሞላ አረጋገጡ። ከዚህ ከፈጠነ አጥንት አይሞላም፤ ከዘገየ ያለጊዜው ይገጥማል። ከአጥንቱ ጋር ቆዳው፣ ደም ሥሩና ነርቩም አብረው ያድጋሉ።

ኩርጋንን በሶቪየት ኅብረት ያስታወቀው አንድ የስፖርት ሰው ነው። የ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ የከፍታ ዝላይ አሸናፊ ቫሌሪ ብሩሜል በ1965 በሞተር ብስክሌት አደጋ እግሩ ተሰባብሮ፣ ለሦስት ዓመታት በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና ቢደረግለትም አልዳነም። በ1968 ወደ ኩርጋን ሄደ። ኢሊዛሮቭ ስብራቱን አስተካክለው ያጠረውን እግር አስረዘሙት፤ አትሌቱም ተመልሶ ከሁለት ሜትር በላይ ለመዝለል በቃ። በዚያው ዓመት ኢሊዛሮቭ የሁለተኛ ደረጃ የምርምር ማዕረግ ለማግኘት በፔርም ባቀረቡት ጽሑፍ በቀጥታ የሕክምና ሳይንስ ዶክተርነት ተሰጣቸው። በ1971 ኩርጋን ራሱን የቻለ የአጥንት ሕክምና ምርምር ኢንስቲትዩት አገኘች፤ ኢሊዛሮቭም ዳይሬክተሩ ሆኑ።

የባሕር ዳሩን ጎልማሳ በቀጥታ የሚመለከተው ሥራ የተሠራው በዚህ ኢንስቲትዩት ነው። አጥንት ወደ ላይና ወደ ታች ተስቦ ከረዘመ፣ ወደ ጎን ተስቦ ለምን አይወፍርም የሚለው ጥያቄ ተነሳ። ከፖሊዮ በኋላ ባቱ የቀጠነ ሰው የቅልጥም አጥንት ከላይ እስከ ታች በርዝመቱ ይሰነጠቃል፤ የተለየው ሰሌዳ መሰል ክፍል በሽቦ ተይዞ በዚያው በአዝጋሚ መጠን ወደ ጎን ይሳባል። አንዳንድ ጊዜ የሚሳበው ቀጭኑ የጎን አጥንት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በአዲስ አጥንት ሲሞላ የእግሩ ዙሪያ ይሰፋል፤ ቆዳውም ተለጥጦ ይከተላል። እግሩ ያጠረ ከሆነ ርዝመቱና ውፍረቱ በአንድ ሕክምና ይስተካከላል፤ የዞረ ቁርጭምጭሚትም በዚያው መሣሪያ ይቃናል።

ዘዴው የማይሰጠውም አለ። የሞተ የነርቭ ሕዋስ አይነሳም፤ የሟሸሸው ጡንቻ ጉልበት አያገኝም። መሣሪያው ለወራት ከእግር ላይ አይወርድም፤ ሽቦዎቹ ቆዳን በሚበሱበት ስፍራ ሁሉ በየዕለቱ ካልጸዱ ያመረቅዛሉ። ሕመም አለ፤ መገጣጠሚያ እንዳይደርቅ በየቀኑ እንቅስቃሴ ይፈልጋል፤ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ለቅርጽ ብቻ ሲባል ይህን ሁሉ መቀበል ተገቢ ነው ወይ የሚለውን ሕመምተኛው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ የሚወስነው ነው።

ሥራው ያልታሰበ ጥቅምም አስገኝቷል። አጥንቱ ወደ ጎን በሚሳብበት እግር ውስጥ አዳዲስ ደም ሥሮች በብዛት ሲያድጉ ታየ። ኢሊዛሮቭ ይህን ደም ሥራቸው በመዘጋቱ እግራቸው ለመቆረጥ የተቃረበ ሕመምተኞችን ለማከም ተጠቀሙበት። በዚህ ክፍለ ዘመን ደግሞ የቻይና ሐኪሞች ዘዴውን በስኳር በሽታ ለቆሰለ እግር አውለውታል። ለቁንጅና የታሰበ የሚመስል ሕክምና እግር ከመቆረጥ ማትረፊያ ሆነ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ጣና ይመለሳል። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኖርዌያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሳ። ግብፅ ለዚህ የሚበቃ ደንገል ስላልነበራት ፊቱን ወደ ኢትዮጵያ አዞረ። ከጣና ሐይቅ የታጨደው ደንገል ደርቆ፣ 12 ቶን ያህል በቀይ ባሕር በኩል ወደ ግብፅ ተጓጓዘ፤ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎችም በጊዛ ፒራሚዶች ሥር ራ የተባለችውን ጀልባ ሠሩበት። ራ በግንቦት 1969 ከሞሮኮ ወደብ ሳፊ ተነስታ ወደ ባርቤዶስ ስትቃረብ ተዳክማ ተተወች። በማግስቱ ዓመት በኢትዮጵያ ደንገል የተሠራችው ራ ሁለት ግን በ57 ቀናት ባርቤዶስ ገባች። ይህችው ጀልባ ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው የኮን ቲኪ ሙዚየም ትታያለች።

በሁለቱም ጀልባዎች ላይ ከተሳፈሩት መካከል ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ካርሎ ማውሪና የሶቪየት ኅብረቱ ሐኪም ዩሪ ሴንኬቪች ይገኙበታል። ማውሪ በ1958 በካራኮረም ተራሮች ጋሸርብሩም አራት የተባለውን ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። በኋላ ግን በተራራ ላይ በደረሰበት አደጋ የቅልጥም አጥንቱ ተሰብሮ በትክክል አልገጠመም፤ እግሩም አጠረ። በባሕር ጉዞ ላይ ቁስሉ ሲያገረሽ ያየው የጀልባው ሐኪም ሴንኬቪች ወደ ኩርጋኑ ኢሊዛሮቭ እንዲሄድ መከረው። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋን ያገኘችው ከጣሊያን የጦር ካሳ፣ የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩቷን ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ትብብር መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፣ በጣና ደንገል ላይ የሁለቱ አገሮች ልጆች መገናኘት ፈገግ የሚያሰኝ ነው።

ማውሪ በ1980 ወደ ኩርጋን ተጉዞ ታከመ። እግሩ ረዝሞ፣ ቀንቶና ሕመሙ ተወግዶ ወደ አገሩ ሲመለስ ለዓመታት ያከሙት የሌኮ ሆስፒታል ሐኪሞች ያዩትን ማመን አቃታቸው። ማውሪ በጽሑፉ ሐኪሙን ከሚካኤል አንጄሎ ጋር አመሳሰላቸው። በሰኔ 1981 ኢሊዛሮቭ በቤላጂዮ በተካሄደ የአጥንት ሐኪሞች ጉባኤ እንዲናገሩ ተጋበዙ። ስድሳኛ ዓመታቸውን በያዙበት በዚያ ወር ከሶቪየት ጎራ ውጪ ቆመው ሥራቸውን አስረዱ፤ ታዳሚው ከመቀመጫው ተነስቶ ለረጅም ጊዜ አጨበጨበ። በቀጣዩ ዓመት የጣሊያን ሐኪሞች ዘዴውን የሚያጠና ማኅበር መሠረቱ፤ ከዚያም ወደ ተቀረው አውሮፓና ወደ አሜሪካ ተስፋፋ። ማውሪ ይህን ሁሉ ለማየት አልታደለም፤ በ1982 በሞት ተለየ።

ኢሊዛሮቭ ቀድሞ የሌኒን ሽልማትን ያገኙ ሲሆን በ1981 የሶሻሊስት ሥራ ጀግና ተብለው ተሸለሙ። ያቃለሏቸው ተቋማት ልምድ ለመቅሰም ባለሙያ ወደ ኩርጋን መላክ ጀመሩ። ሆኖም ወደ ሞስኮ አልተዛወሩም። በወፍራም ሪዛቸውና ከሥራ መልስ በሚያሳዩት የምትሐት ጨዋታ ይታወቁ ነበር። በክፍሉ ለወራት የሚቆዩ ሕመምተኞች ለነበሩት ሐኪም ይህ ችሎታ ትርፍ ነገር አልነበረም።

ዛሬ ባቱ ለቀጠነ ሰው ከኢሊዛሮቭ ዘዴ ሌላ አማራጮችም አሉ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከጉልበት በስተኋላ በምትገኘው እጥፋት በኩል ሲሊኮን በባት ጡንቻ አካባቢ ይቀበራል። ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፤ ሲሊኮኑ ግን ሊንሸራተት፣ ሊያመረቅዝ ወይም በጡንቻው ላይ ብርቱ ግፊት ሊፈጥር ይችላል። ሌላው ከሆድ ወይም ከጭን ስብ ቀድቶ በባት ውስጥ መርጨት ነው፤ የስቡ የተወሰነ ክፍል በሰውነት ስለሚመጠጥ መድገም ያስፈልጋል። ሁለቱም ጤነኛ ሆነው በተፈጥሮ የቀጠነ ባት ላላቸው ሰዎች ይቀላሉ። ፖሊዮ ባከሰለው እግር ላይ ግን ሲሊኮኑን የሚሸፍነው ጡንቻም ሆነ ቆዳ ስስ በመሆኑ ውሳኔው ይከብዳል። አጥንቱ አጥሮ ወይም ተጣሞ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም አያቃኑትም።

በኢትዮጵያ የቀለበት መሣሪያው በዋናነት የሚያገለግለው ያልገጠመ ስብራትን፣ ያመረቀዘ አጥንትንና የተጣመመ እግርን ለማከም ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአጥንት ሐኪሞች ሠርተውበታል። በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች የአጥንት ሕክምና ይሰጣሉ፤ በከተማዋ የአካል ተሐድሶ ማዕከልም አለ። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በተካሄደው ጦርነት በጥይት የተሰባበረ አጥንት ያላቸው ሰዎች ሲበራከቱ፣ ለእነርሱ ቅድሚያ መስጠቱ የሚያከራክር አይደለም። ይሁንና የቀጠነ እግር ያለው ሰው ወደ እነዚህ ተቋማት ሲሄድ ጥያቄው ተመዝግቦ፣ የሚቻለውና የማይቻለው ተነግሮት መመለስ ይገባዋል። ኩርጋን ውስጥ ሥራው የተጀመረው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከቁም ነገር በመቁጠር ነበር።

የኢሊዛሮቭ የመጨረሻ ዓመታት የተረጋጉ አልነበሩም። ኢንስቲትዩታቸው በ1987 ወደ መላ ሶቪየት ኅብረት ማዕከልነት ቢያድግም፣ አገሪቱ ስትናጋ በማዕከሉ ውስጥ አለመግባባት ተፈጥሮ በ1991 ከዳይሬክተርነት ለቀቁ። በዚያው ዓመት የሩሲያ የሳይንስ አካዳሚ ሙሉ አባል ሆኑ። ሐምሌ 24 ቀን 1992 በ71 ዓመታቸው በልብ ሕመም በኩርጋን ዐረፉ፤ የተቀበሩትም በዚያችው ከተማ ነው። ማዕከሉ በማግስቱ ዓመት በስማቸው ተሰየመ፤ እስከ ዛሬም ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ሕመምተኞችንና ለሥልጠና የሚላኩ ሐኪሞችን ይቀበላል።